ሁለቱም ልክ ናቸው

እጮኛዬን ሥራ ቦታ ጠመኔ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ፋብሪካው ነው ያወጣላት። ሥራዋ ከማፍሰሻው መስመር የወጣውን የብረት ጥፍጥፍ በባትሪ እየቃኘች፣ ስንጥቅ ያየችበትን ቦታ በነጭ ጠመኔ መክበብ ነው። በዚያ ሰሞን ግን መክበቡ ቀርቶ ግድግዳ ቀለም መቀባት ሆኖባት ነበር። ጥፍጥፉ ሁሉ ዳር ዳሩ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ይመጣል፤ እሷም ዱቄት እንደተደፋባት ሆና ወደ ቤት ትሄዳለች።

«ዛሬስ?» እላታለሁ በር ላይ ስንገናኝ።

«ዛሬማ ያልተሰነጠቀውን ብከብ ይቀለኝ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀለጠው ብረት ከላይ ይፈስሳል። ቆዳው ጠጠር ሲል፣ ውስጡ ገና ፈሳሽ እንደሆነ፣ እንደ ልጆች መንሸራተቻ ጎበጥ ባለው መንገድ ቁልቁል ይመጣል። ታች ሲደርስ ማቃኛ የምንላቸው ትልልቅ ሮለሮች ጉብጠቱን ተጭነው ቀጥ ያደርጉታል። በመንገዱ ሁሉ ግራና ቀኝ ውሃ ይረጭበታል። ብረቱ የሚሰነጠቀው እዚያ ማቃኛው ላይ፣ ወገቡን ሲያቃኑት ነው። ይህን ማንም አይክድም። ጠቡ ለምን በሚለው ላይ ነው፤ የጠቡ ባለቤቶች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የእኔ ናቸው።

የጠዋቱ ፈረቃ አለቃ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ወንድም። እናቴ ስትሞት ከልጆቹ ጋር አንድ አልጋ ላይ አጋድሞ ያሳደገኝ እሱ ነው። የአጎቴ እምነት ውሃ መቆጠብ ነው። «ብረት ሲግል ነው እሺ የሚለው፤ በውሃ አስደንግጠኸው ስታበቃ ወገብህን አቅና ብትለው ለምን አይሰነጠቅ?» ይላል።

የከሰዓቱ ፈረቃ አለቃ ደግሞ የጠመኔ አባት ናቸው። ሠራተኛው ጋሽ ውሃ ይላቸዋል። ገና ፈረቃ ሲረከቡ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ በፊት፣ የውሃውን መክፈቻ ጥግ ድረስ ያዞሩታል። «የሚቀደድ ነገር ሁሉ ለስላሳ ነገር ነው» ይላሉ። «ቀዝቀዝ፣ ጠንከር ይበል፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉት።»

መጀመሪያ ላይ የሚሰነጠቀው በቀን ትንሽ ነበር። ለዚያች ለትንሿ ግን ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት መክፈቻው ሥር ተገናኝተው ይሰዳደባሉ። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሰሙ። ሥራ አስኪያጃችን አስታራቂው ይባላሉ፤ ሁለት ሰው ተጣልቶ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት ተብሎ ጠብ ሲነሳ መስኮቱ ገርበብ እንዲል ያዘዙ ሰው ናቸው። ግድግዳው አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ሲባል ደግሞ ሁለቱን ቀለም አስቀላቅለው፣ ስም የሌለው ነገር አስቀብተው፣ እስከ ዛሬ እሱን እያየን ምሳ እንበላለን። ውሃውንም ያው አስታረቁት። የአጎቴንና የጋሽ ውሃን መጠን ደምረው ለሁለት አካፈሉ፤ መክፈቻው በዚያው ልክ እንዲቆም ብረት አስበየዱበት። ከዚያ ወዲያ የፈለገ ሰው መጥቶ ቢታገለው አይነቃነቅም።

ጠቡ ቆመ። ብረቱ ግን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ጀመረ።

የሚገርመው፣ ጥፋቱ የብየዳው ነው የሚል ሰው ጠፋ። አጎቴ «የተጨመረው የሱ ውሃ ነው የፈጀን» አለ። ጋሽ ውሃ «የተቀነሰው የኔ ውሃ ነው» አሉ። አስታራቂው «ቢያንስ ሰላም ወርዷል» አሉ። በመጨረሻ ዋናው ደንበኛችን የተሰነጠቀ ብረት ሊገዛ እንዳልሆነ በስልክ፣ በጩኸት ሲነግራቸው እኔን አስጠሩኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ ላቦራቶሪው ያለው በአንተ እጅ ነው። የሚያሰነጥቀው ግለቱ ነው ወይስ ቅዝቃዜው? ስብሰባ ላይ፣ ሁለቱም ባሉበት ትነግረናለህ።»

ሠርጋችን ደርሷል፤ ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ገና እነ ጠመኔ ቤት ስገባ ጋሽ ውሃ ወንበር ሳይሰጡኝ ጀመሩ።

«ውሃው ነው ያሰነጠቀው ብትል አንተና ልጄ ተለያያችሁ።»

«ጋሼ፣ ገና እኮ አልሞከርኩትም።»

«ሞክረው። ሞክረህ ውሃው አይደለም በል።»

አጎቴ ግን እንደሳቸው አይደለም፤ እሱ አያስፈራራም። «እኔ ምንም አልልህም» አለኝ። «አሳድጌሃለሁ አልልህም። አንድ አልጋ ላይ ከልጆቼ ጋር አጋድሜህ አንተ ስትራገጥ እኔ መሬት ማደሬን አላነሳም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያንን የድንጋይ መዓት የሞላህበትን ቦርሳ ተሸክሜ መሸኘቴን አላነሳም። ምንም አላነሳም። የመሰለህን ተናገር።»

መጎተቻ የምንለው ማሽን አለን። ቀጭን የብረት ዘንግ ሁለት ጫፉን ትነክሰዋለህ፣ ማቃኛው ላይ የሚኖረውን ያህል ታሞቀዋለህ፣ ከዚያ እስኪበጠስ ትጎትተዋለህ። ዋናው ነገር መበጠሱ አይደለም፤ ሁሉም ይበጠሳል። ዋናው አበጣጠሱ ነው። ልክ እንደ ማስቲካ ቀጥኖ፣ መርፌ መስሎ ከተበጠሰ ጥሩ ነው፤ መለጠጥ ያውቃል ማለት ነው። ሳይቀጥን እንደ ብስኩት ቀጭ ካለ እሱ ማቃኛው ላይም ይሰነጠቃል።

አንድ ሺህ ዲግሪ ላይ ጎተትኩት። መርፌ። አጎቴ አሸነፈ፣ ሠርጌ ቀረ ማለት ነው። ስምንት መቶ ላይ ጎተትኩት። ቀጭ! ብስኩት። ሠርጌ በቃ ቀረ። ለይስሙላ ያህል ወደ ስድስት መቶ አውርጄ ጎተትኩት። መርፌ።

ማሽኑን አጠፋሁት። አበራሁት። ደግሜ ጎተትኩ፤ መርፌ፣ ብስኩት፣ መርፌ። ዘንግ ቀየርኩ። መርፌ፣ ብስኩት፣ መርፌ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለዚህ ነገር አንድ ትምህርት ነበር፤ ያን ቀን የት እንደነበርኩ ግን ማስታወስ አቃተኝ።

ጠመኔ በምሳ ሰዓት ስትመጣ ጭንቅላቴን ይዤ አገኘችኝ።

«ምን ሆነህ ነው? ፊትህ እኮ የኔን ጥፍጥፍ መስሏል።»

«ሲግል ደህና ነው። ሲቀዘቅዝም ደህና ነው። መሐል ላይ ያብዳል።»

«ማሽኑ ነው ያበደው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን ግን ከሁለታችን የትኛችን እንደሆንን እንጃ።»

የተበጣጠሱትን ዘንጎች ጠረጴዛው ላይ በግለታቸው ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። አየናቸው። ከዚያ «ማቃኛው ላይ ሲደርስ የጥፍጥፉ ዳር ስንት ዲግሪ ነው?» አለች። ተያይተን ወረድን። የሙቀት መለኪያውን ወደሚያልፈው ብረት አነጣጠርኩ። ስምንት መቶ። ተመልሼ በአጎቴ ውሃ ስንት ሊሆን እንደሚችል አሰላሁ፤ አንድ ሺህ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። በጋሽ ውሃ ውሃ አሰላሁ፤ ከሰባት መቶ በታች።

ያን ጊዜ ያመለጠኝ ትምህርት ተመልሶ መጣልኝ። ብረት ከውስጡ ሲያዩት እንደ ድንጋይ ግንብ ነው፤ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጋጥመው የቆሙበት። በጣም ሲግል ሁሉም ለስላሳ ነው፤ አብሮ ይለጠጣል። በደንብ ሲቀዘቅዝ ሁሉም መልኩን ለውጦ ያበቃል፤ ያኔም አብሮ ይለጠጣል። መሐል ላይ ግን ለውጡ የሚጀምረው ከመጋጠሚያው ነው። ድንጋዩ እንደጠነከረ ምርጊቱ ብቻ ይለሰልሳል። ያንን ስትጎትተው ጉልበቱ ሁሉ ምርጊቱ ላይ ያርፍና ግንቡ በየመጋጠሚያው ይፈታል።

«ሁለቱም ልክ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። «አባትሽም ልክ! አጎቴም ልክ! ያጠፋው እርቁ ነው!»

ጠመኔ ግን አልጮኸችም። «አባቴን ልክ ነዎት ብትለው ይወዳል» አለች። «አጎቴም ልክ ነው የምትለዋን ግን እስቲ ቀስ ብለህ በላት።»

ስብሰባው ላይ ቀስ ብዬ አልኳት። ዘንጎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ድንጋይና ምርጊት እያልኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ። ስጨርስ አስታራቂው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?»

«ከሁለቱ ማንም አይደለም። የተበየደው... አማካዩ ነው።»

«አማካዩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ዘንጎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና «መልካም» አሉ፤ «ከጥፋቱ ግማሹን እወስዳለሁ።» የቀረውን ግማሽ ማን እንደሚወስድ አልተናገሩም።

አጎቴ ተነሳ። «ቆይ ቆይ። እሱ ልክ ከሆነ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የተጣላሁት?»

ጋሽ ውሃም ተነሱ። «ልክ ነዎት ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። 'ሁለታችሁም' ስትል ግን ልክነቴ ጣዕሙ ጠፋ።»

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ አጎቴ።

«ጥርጥር የለውም፤ ማሽኑ ነው» አሉ ጋሽ ውሃ።

ከተዋወቁ ጀምሮ ሲስማሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። አስታራቂው እንባቸው ሊመጣ ነበር፤ «አያችሁ፣ መነጋገር እኮ...» ብለው ጀምረው ደንበኛው ሲደውል ተዉት። ደንበኛው እንደገና ጮኸ። በዚህ ምክንያት ብቻ ብየዳው እንዲቆረጥና ሁለቱም በየፈረቃቸው እንደ ጥንታቸው እንዲያፈስሱ ተፈቀደ።

ጠዋት በአጎቴ ውሃ ንጹሕ ወጣ። ከሰዓት በጋሽ ውሃ ውሃ ንጹሕ ወጣ። ጠመኔ እጇን ኪሷ ከትታ ስትንጎራደድ ሳያት ደስታዬ ወሰን አጣ። ግን ማምሻውን መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሁለት ጥፍጥፎች ላይ ከብባለች።

«እነዚህስ?»

«እነዚህ በፈረቃ መቀያየሪያ ላይ የወጡት ናቸው። ከነሱ ፊት ያለው ደህና፣ ከነሱ ኋላ ያለው ደህና። ነገም እንዲሁ ይሆናል ብዬ መወራረድ እችላለሁ።»

ገባኝ፤ ምነው ባልገባኝ። ጋሽ ውሃ ፈረቃ ሲረከቡ መክፈቻውን ጥግ ያደርሱታል። መንገድ ላይ ያለው ብረት ከአጎቴ ግለት ወደ ጋሽ ውሃ ቅዝቃዜ ሲወርድ በመሐሉ ማለፉ አይቀርም። በመጀመሪያ የተጣሉባት ያቺ ትንሽ ስንጥቅ ይህችው ነበረች። ሁለቱ ሰዎችም ወዲያው መክፈቻው ሥር ተገናኙ።

«ተሰንጥቆ ነው ያስረከብከኝ!»

«ደህናውን ብረት ውሃ ውስጥ ነክረህ አስደነገጥከው እንጂ!»

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ውሃ። የቱ ቢሆን ግድ የለም፤ አንድ ይሁን እንጂ። አስታራቂው በሳምንት በሳምንት ይፈራረቁ ብለው ሞከሩ፤ ሁለቱም በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ። የወጣው ይውጣ፣ ከሁለቱ አንዱ ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳይንሱ የቱን ይላል?» አሉኝ አስታራቂው።

«ሳይንሱ ሁለቱንም ይላል።»

«እሱንማ ሰምተናል። ከሁለቱ የቱን?»

«ሁለቱንም።»

«አየህ፣ የተማረ ሰው ችግሩ ይሄ ነው» አሉና እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ወስነህ ና አሉኝ።

እስከዚያ ድረስ ተስፋዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ይፈርዳል፣ እኔ አፌን ብቻ አውሰዋለሁ የሚል። አሁን ማሽኑ እጁን ታጥቦ ወጣ። አንዱን ስህተት ነህ ብል ይሻለኝ ነበር፤ ስህተት የሆነ ሰው ቢያንስ የሚናደድበት ምክንያት አለው። ልክ የሆነን ሰው ምን ብዬ ልጣለው? ጠመኔን ጠየቅኳት።

«አባቴን ብትመርጥ ፈርቶት ነው ይላል አጎትህ» አለች። «እኔም እላለሁ።»

«አጎቴን ብመርጥስ?»

«አባቴ ሠርጉ ላይ አይመጣም። እኔ ደግሞ አባቴ በሌለበት አላገባም፤ ቁርጡን ልንገርህ።»

«ታዲያ የቱን ልምረጥ?»

«እኔ ምን አውቄ? እኔ ስንጥቅ ነው የምከበው።»

ስብሰባው ደረሰ። አጎቴ ምንም ላለማንሳት ጣራ ጣራውን ያያል። ጋሽ ውሃ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እኔን ብቻ ያያሉ። ጠመኔ በሩ ጋ ቆማለች። አስታራቂው «እሺ» አሉ። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

«ትንሽ ውሃ» አልኩ። «በግለቱ እናቃናው።»

«ምክንያቱ?»

«ምክንያት የለውም። የጋሽ ውሃም ያው ልክ ነው፤ እሱም ይሠራል። አንዱ መሆን ስላለበት ነው።»

የተሻለ ነገር ልፈልግ አልኩና አጣሁ። ለምን ያኛው አፌ ላይ እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከአልጋው ይሁን ከቦርሳው፣ ወይም ጠመኔ ፈርተኸው ነው እንዳትለኝ ይሁን፣ ወይም ደግሞ «ትንሽ» የሚለው ቃል አጭር ስለሆነ። ጋሽ ውሃ ወንበራቸውን ወደ ቦታው መልሰው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ቢያላጉት ይሻለኝ ነበር። ጠመኔ ተከትላቸው ሄደች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

አጎቴን ደስ ይለዋል ብዬ ሳየው ፊቱ ጠቁሯል።

«ምክንያት የለውም?» አለኝ ኮሪደሩ ላይ ጥግ አስይዞ። «እንዴት ምክንያት የለውም! ዕድሜ ልኬን ብረት ሲግል ነው እሺ የሚለው ስል ምክንያት አልነበረም?»

«ነበረ፤ ግን የሳቸውም ነበረ።»

«ታዲያ በምን አሸነፍኩ?»

«እኔ እንጃ፣ አጎቴ።»

«እኔ እንጃ! ለእኔ እንጃ ነው ያን ቦርሳ የተሸከምኩት!» አለና፣ አላነሳም ያለውን ሁሉ ከአልጋው ጀምሮ አንድ በአንድ አነሳው።

ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱም ፈረቃ በትንሽ ውሃ አፈሰሰ። ጋሽ ውሃ ፈረቃ ሲረከቡ መክፈቻውን ከአጎቴ ልክ ላይ ሳይነኩት ያልፋሉ። እንዲያውም ሌላ ሰው እንዳይነካው ቆመው ይጠብቃሉ ሲባል ሰማሁ። አንድም ስንጥቅ አልወጣም። ጠመኔም ሥራ ፈታ፤ እኔን ግን ሰላም ብላ ታልፋለች፣ አትቆምም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ጠመኔ በሩን ከፈተችልኝ። ጋሽ ውሃ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ወንበር ሰጡኝ፤ ይህም ራሱ ግራ አጋባኝ። ጠመኔ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ብረቱ ደህና ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«በእኔም ቢሆን ደህና ነበር።»

«በእርስዎም ደህና ነበር።»

«እንግዲህ ስማኝ» አሉ። «ተሳስቼ ቢሆን ተሳሳትኩ ብዬ፣ ይቅርታ ብዬ፣ ዐርፌ እተኛ ነበር። እሱን አውቅበታለሁ፤ ሚስቴን ጠይቃት። ልክ ሆኖ መሸነፍ ግን እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም። እምቢ ይባላል? ይታረፋል? ይሳቃል? እስቲ ንገረኝ።»

«እኔም አላውቅም ጋሼ።»

«አንተም አታውቅም» አሉ ለራሳቸው፤ የተናደዱም የረኩም አይመስሉም። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱስ? እየጨፈረ ነው?» አሉ።

«ማን?»

«አጎትህ ነዋ!»

«ኧረ አልጨፈረም። እሱ ብሶበታል። በምን እንዳሸነፍኩ ካልነገርከኝ አሸነፍኩ አልልም እያለ ቤቱን አመሰው። ራት አልበላም ብሎ ሚስቱን አስለቀሳት።»

«እውነትህን ነው?»

«እኔንም ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።»

ጋሽ ውሃ ወደ ኋላቸው ተደገፉ። ከትከሻቸው ላይ አንድ ነገር የወረደላቸው መሰለ። መጀመሪያ አፍንጫቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ድምፅ ሳያሰሙ ሆዳቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። ጠመኔ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። ዓይናቸውን ጠራርገው ሲያበቁ ኮስተር አሉ።

«ሠርጉ ላይ ከሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ እንዳታስቀምጡኝ።»

«እሱ ምንም ችግር የለውም ጋሼ» አልኩ፤ «ግን ከዚያ በፊት ስለ ልጅዎ ጉዳይ የሚሉትን ቁርጡን ብሰማ፣ ማለቴ እምቢ ካሉም እኔ...»

ጠመኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን በተረከዟ ደቆሰችው። ሕመሙ ከገባኝ በኋላም ነገሩ አልገባኝም ነበርና አየኋት።

«ተዪው» አሏት አባቷ፤ «የተማረ ነው፤ ቀስ እያለ ይገባዋል።»